አብረን የበላነው መድኃኒት

ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ ጋር ጎረቤት ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። የቤቱ እመቤት ባሏ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ጠብቃ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አማከረችኝ። ሰውየው የደም ግፊት መድኃኒቱን አልውጥም ብሎ አስቸግሯታል። «መምህር፣ ደቁሼ ወጡ ውስጥ ጣል ባደርግለትስ?» አለችኝ። የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁት። «ተይው፤ ይቅርብሽ» አልኋት። ለምን ስትለኝ ባልየው ተመለሰና ወሬው በዚያው ተቋረጠ። የምነግራት ነገር ግን ለምሳ ሰዓት የሚሆን አልነበረም፤ ረጅም ነው። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ሁሉም እንደ አዲስ ተመለሰልኝ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ከደሴ ተነስቼ፣ በዕጣ ሮብ ገበያ ደርሶኝ፣ ሒሳብ አስተምር ነበር። የሮብ ገበያ ብርድ ከጮቄ ተራራ ነው የሚወርደው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ባሕር ዛፉ ሥር ተኝቶ ያረፍድና ከተማዋ ግማሿ የተሰወረ ትመስላለች። በመጀመሪያው ወር ሁለት ካልሲ ደርቤ እተኛ ነበር። ኋላ ግን ለመድሁት፤ እንዲያውም ብርድ ሰውን ንቁ ያደርጋል የሚል እምነት ያዘኝ። ቆላ የተመደቡ ጓደኞቼ ሲጽፉልኝ ደብዳቤያቸው እንኳ የሚያንቀላፋ ይመስለኝ ነበር።

የተከራየሁት ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ሴት ነበሩ። ክፍሉን ሲያከራዩኝ ምግቡንም አብረው ያዙልኝ። «ወንደላጤ ለብቻው ሲበላ እህሉ አይረባውም» ብለው ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀመጡኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሥጋ የሠሩ ቀን ለእኔ በትንሽ ድስት ሽሮ ይጥዱልኛል እንጂ በዚህ ነገር አንድም ቀን አሳፍረውኝ አያውቁም። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ደግሞ የሁላችንም ምግብ አንድ ሆነ፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመን፣ እንደገና ሽሮ። እነሱ እህል የሚቀምሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔም ከትምህርት ቤት የምመለሰው በዚያው ሰዓት ነበር።

ከልጆቹ ታላቁ ይበልጣል ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር፤ ሥራው መሬት መቀየስ። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት ታሞ ነበር። ሕመሙ እንደ ሌላው ሕመም የሚያስተኛ ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። ብዙ ሌሊት በተከታታይ አልተኛም አሉ። ጮቄን ለመሬት አልባ ወጣቶች እኩል አካፍላለሁ ብሎ ሜትሩን ይዞ በዝናብ ወጣ፤ ልብሱን ሁሉ ለመንገደኛ አደለ፤ ሊመልሱት የሄዱ ዘመዶቹን ደበደበ። ጸበል ወሰዱት። ከዚያ ሲመለስ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛና ሰው ማናገር ተወ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሐኪም አየውና ሊቲየም የሚባል መድኃኒት አዘዘለት። ከልክ ያለፈውን ስሜት ዝቅ፣ የወደቀውን ቀና አድርጎ ሰውን መካከል ላይ የሚያቆም መድኃኒት ነው ተባለ።

ጥቂት ጊዜ ወሰደውና ተወው። አንድ ቀን በቆርኪ ዳማ እየተጫወትን ምክንያቱን ነገረኝ።

«ሰይድ፣ ራሴ ላይ እርጥብ ጋቢ እንደጣሉብኝ ነው የሚያደርገኝ። አያለሁ፣ እሰማለሁ፤ ግን ሁሉም ነገር ከጋቢው ውጭ ነው።»

እናቱ ይለምኑታል፣ ያለቅሳሉ። «በሽታው ነው እንዲህ የሚያናግረው» ብለው ነግረዋቸዋል ሐኪሞቹ። እኔም በልቤ የማስበው እንደዚያው ነበር። ጤነኛ ሰው ስለ በሽተኛ መድኃኒት ሲያስብ ነገሩ ቀላል ነው፤ ዋጠው፣ አለቀ።

ጥር ላይ ምልክቱ መመለስ ጀመረ። የይበልጣል ወሬ ፈጠነ፤ እንቅልፉ አጠረ፤ ማታ ግቢው ውስጥ ሲመላለስ ኮቴው ይሰማኛል። እትዬ ጥሩወርቅ በጭንቀት ከሱ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ገብቶም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይበልጣል ረጋ። መተኛት ጀመረ፤ ቢሮው ገብቶ ካርታውን ዘረጋ። መድኃኒቱን እንዳልወሰደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንዝ ጣልሁት ብሎ ራሱ ነግሮናል። እናቱን ብጠይቃቸው «ጾሙ ነው፤ እግዚአብሔር ሰማኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ውሃ ጥም ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ መካከል ሁለት ጊዜ እየወጣሁ እጠጣለሁ፤ ስጠጣ ደግሞ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። አፌ ሳንቲም የያዝሁበት ይመስል ብረት ብረት ይለኛል። ጠመኔ ስይዝ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፤ ሰሌዳው ላይ ክብ ስሥል ድንች ይወጣል። ብርዱ ነው ብዬ ተውሁት።

ቀጥሎ የመጣውን መግለጽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚጎዳ ነገር አልነበረም። ሰባት ጊዜ ስምንት ሲሉኝ አምሳ ስድስት የሚለው መልስ እንደ ሽማግሌ በምርኩዝ ይመጣል፤ ይመጣል ግን። ቁጡ መምህር ነበርሁ፤ ጠመኔ የምወረውር ዓይነት። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ አንገቴን እንደ ሰጎን አስረዝመው ሥለው ጠበቁኝ። ቆሜ አየሁት። ይመስላል አልሁና አጥፍቼ ትምህርቴን ቀጠልሁ። ክፍሉ ከጩኸቴ ይልቅ ያን ዝምታዬን ፈራው። ርዕሰ መምህሩ ግን ቢሮው ጠርቶ «በዚህ ወር በስለሃል» ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውም ቢሆን አላሞቀኝም፤ ሰምቼ ወጣሁ።

ቤቱም እንደ እኔው ሆነ። ዳማው ላይ ከይበልጣል ጋር በየቀኑ እንጣላ ነበር፤ አሁን አንዱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ተራው የማን እንደሆነ ረስተን ሁለታችንም ስንጠባበቅ እንቆያለን። ከጠዋት እስከ ማታ የሚነታረኩት እናትና ልጅ ንትርካቸውን ተዉ። አንድ ቀን አራታችንም ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ጎመኑ አረረ። ጭሱ ከድስቱ ሥር ሲወጣ፣ እየጠቆረ ሲመጣ፣ ጣሪያ ሲደርስ አየነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ እናኑ «እያረረ ነው» አለች። እናቷ «አዎ» አሉ። ከዚያ ነው ቀስ ብለው የተነሱት። ያን ጊዜ ማናችንም አልሳቅንም፤ የሚያስቅ ነገር መሆኑንም አላወቅንም።

እናኑን እስካሁን ሳላስተዋውቅ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የይበልጣል ታናሽ እህት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት በታይፕ ትጽፋለች። ስታስብ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይተይባሉ። ከሥራ ስትመለስና እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገዳችን ስለሚገጥም ከኅዳር ጀምሮ አብረን እንመላለስ ነበር። በደረቁ የገብስ ማሳ መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ወሬ ስታወራ ዞራ እየሄደች ነው፤ በየቀኑ ትወድቃለች ብዬ እሰጋለሁ፤ አንድም ቀን አልወደቀችም። እወዳት ነበር። ያኔ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። እሷ የክርስቲያን ልጅ፣ እኔ ሙስሊም፤ በዚያ ላይ እናቷ እንደ ልጃቸው ከገበታቸው አስቀምጠውኛል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚባለው ሰው መሆን አልፈለግሁም። እሷም የምታውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ግን እንዲህ ነው ተባብለን አናውቅም።

ጾሙ በተጋመሰ ሰሞን ከሉማሜ ሽማግሌ ተላከ። ጠያቂው ወፍጮ ያለው፣ ስሙ በደግ የሚነሳ ሰው ነበር። እናቷ ለይተው ጠየቋት፤ «እሺ» አለች፤ ጨው አቀብዪ እንደተባለ ሰው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በማግሥቱ ልብስ ስታሰጣ በአጥሩ ሥር ሳልፍ አገኘችኝ።

«ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«አየኋቸው።»

«እሺ ብያለሁ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«አመሰግናለሁ» አለችና የሚቀጥለውን ልብስ አራገፈች።

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ከደረቴ አንድ ነገር እስኪነሳ እንደጠበቅሁ አስታውሳለሁ። ጥርሱን ሊነቅሉት ያደነዘዙት ሰው ድዱን በምላሱ ሲነካው የራሱ መሆኑን ያውቃል እንጂ አይሰማውም፤ እንደዚያ ነበርሁ። ትንሽ ተቀመጥሁና ፈተና ማረም ጀመርሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ተላክሁ። ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን የጎደለው ነበር። ምን እንደሠለጠንሁ ረስቼዋለሁ። የማልረሳው ሰውነቴ እንዴት እንደተመለሰልኝ ነው። የምበላው ከመናኸሪያው በላይ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ነበር። በአራተኛው ቀን ጥሙ ተወኝ፤ ከዚያ ጣቴ ረጋ። አንድ ጠዋት አንድ ተሸካሚ ጆንያ እንዳዘለ እግሬን ረገጠኝና ተናደድሁ። ንዴቱ እንደ በርበሬ አናቴ ላይ ወጣ፤ ያን ያህል ጊዜ ከተለየሁት በኋላ ሳገኘው ደስ አለኝ፤ ሰውየውን ልቆጣው ብዬ ፈገግ አልሁ። የባሕር ዛፍ ጭስ ሸተተኝ፤ የአውቶቡሶቹ ጥሩምባ ጆሮዬን ወጋኝ፤ ቀይ ወጥ ምላሴን አቃጠለኝ። ከዚያ እናኑ ትዝ አለችኝ። ከምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልሁ። እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ! ይህን በእኔ አፍ ማን ተናገረው? ሥልጠናው እንዳለቀ ሄጄ ሁሉንም እነግራታለሁ ብዬ ማልሁ። የቀሩትን ቀናት በወረቀት ላይ እየሰረዝሁ አሳለፍኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ከጫነ አይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ ወጣሁ። ግቢው ስገባ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ይበልጣል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እናኑ ውስጥ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ጥሩወርቅ መደቡ ላይ ተኝተዋል፤ እጃቸውና አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያስመለሱት መሬቱ ላይ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁ።

«ከትናንት» አለች እናኑ።

«ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት አልወሰዳችኋቸውም?»

ይበልጣል ከደጃፉ ሆኖ አሰበበት። «እንወስዳታለን» አለ። «ሲሻላት።»

ጮኽሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ለአንድ ወር ያልተሰማ ጩኸት ነበር። «ተነሱ! ይሞታሉ እኮ!» እነሱ ግን የጮኽሁት ሌላ ቤት ይመስል ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸውን በደንብ ያየሁት፤ ሁለቱም በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ይመስሉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የእኔም ፊት ይህ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙ። ምላሳቸው እንደ ሰካራም ተሳስሯል። «ሰይዴ… የሽሮው ዕቃ…» አሉኝ። ጓዳ ገባሁ። የሽሮው ዱቄት ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከዱቄቱ ሥር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘሁ። በላዩ ላይ የይበልጣል ስም ተጽፏል፤ ኋላ እንደሰማሁት፣ እሱ ወንዝ ሲጥለው እናቱ በማዘዣው እንደገና ያስገዙት ነው። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ሙቀጫ ግድግዳዋ ነጭ ነበር።

ውሃ ጥሙ፣ ጣቴ፣ ያረረው ጎመን፣ የእናኑ እሺታ፣ የእኔ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ ተመለስሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይኔን አይተው ማወቄን አወቁ።

«ለይበልጤ እንዳትነግረው» አሉኝ። «አደራ።»

በቃሬዛ ወደ መንገዱ አወጣናቸው። ያመጣኝ አይሱዙ ገና ዕቃውን እያራገፈ ነበር፤ ሹፌሩን ለምነን ተመለስን። መንገዱ ሁሉ ኮረኮንች ነው፤ እኔ ራሳቸውን ይዣለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ብልቃጡ በተንገጫገጨን ቁጥር ይንኳኳል። አደራ ከባድ ቃል ነው፤ በእኛም ቤት በእነሱም ቤት። ይበልጣል ቢሰማ ዳግመኛ የእናቱን እጅ አይቀምስም፤ ምናልባትም ጥሎ ይጠፋል። ካልሰማ ደግሞ ሐኪሙ የማያውቀውን እንዴት ያክማል?

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። እየመረመራቸው «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም» አለ ይበልጣል። «እሷ ጸበል እንጂ ኪኒን አታውቅም።»

ሐኪሙ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። እኔ ብልቃጡን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። «ይህን ሽሮ ውስጥ እየደቆሱ ሲጨምሩ ነበር» አልሁ። «ሁላችንም በልተናል።»

ይበልጣል ጎንበስ ብሎ የራሱን ስም አነበበ። ከዚያ ቀና አለና ከክፍሉ ወጣ።

ሐኪሙ ነርሷን ጠርቶ ግሉኮስ አስተከለላቸው። ቆይቶ ነው የነገረን። መድኃኒቱ ውሃና ጨው ሲያንስ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ እሳቸው ደግሞ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ከሁሉም በላይ ዱቄቱ ከድስቱ ሥር ይዘቅጣል። ከሁላችን በኋላ ድስቱን በእንጀራ ጠርገው የሚበሉት ማን ነበር? ለአራት ሰው ስለሚከፋፈል ለልጃቸው እንዳያንሰው ብለው በየጊዜው ይጨምሩ ነበር፤ የጨመሩት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሲጠራቀም ከረመ። «ሁለት ቀን ብትዘገዩ አናተርፋቸውም ነበር» አለን። ከዚያ እኔንና እናኑን እጃችሁን ዘርጉ አለን። የእናኑ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ ረግቷል። «አንተ ከመቼ ጀምሮ አልበላህም?» አለኝ፤ ነገርሁት።

ይበልጣልን ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አንተም በልተሃል?» አለኝ።

«በልቻለሁ።»

«እንዴት አደረገህ?»

ሁሉንም ነገርሁት፤ የሰጎኑን ሥዕል፣ አምሳ ስድስትን፣ ዳማውን። የእናኑን ብቻ ዘለልሁ። «እርጥብ ጋቢ እንዳልኸው ነው» አልሁት። «ልክ እንደዚያው።»

«ስድስት ወር ሙሉ ስናገር በሽታው ነው የሚያናግርህ አላችሁኝ።»

«ብለናል።»

«አንተም ብለሃል።»

«እኔም ብያለሁ። ልክ ነበርህ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እንግዲህ ያበድሁት እዚያ ላይ አልነበረም» አለ።

ላጽናናው ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ አንድ ነገር ጨመርሁ። «ይበልጣል፣ እኔ ምንም ሳይጎድለኝ ነው የወሰደብኝ። አንተ ግን በእነዚያ ሳምንታት ትተኛ ነበር፤ ሥራ ገብተሃል።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የማልወድለትም እሱን ነው።»

በሦስተኛው ቀን የእትዬ ጥሩወርቅ ምላስ ተፈታ። ይበልጣል አልጋቸው አጠገብ ሲቆም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

«እምዬ፣ አንቺም ስትበይው ነበር?»

«ታዲያ ላንተ ለብቻህ ላበላህ ነው?» አሉ ከነጠላቸው ውስጥ። «የሚሆንብህ ይሁንብኝ ብዬ ነው።»

ይበልጣል ነጠላውን ከፊታቸው ገለጥ አደረገ። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ለብቻዬ ስጪኝ» አለ። «አንቺ ሽሮሽን ብዪ።» ሐኪሙ ኪኒኑን ቀንሶ፣ ደሙ በየጊዜው እንዲታይ ወረቀት ጽፎ ሰጠው። የመጀመሪያዋን ፊታቸው ቆሞ በውሃ ዋጣት። እትዬ ጥሩወርቅ እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን ሲያዩ ነበር።

እናኑ እስከዚያ ቀን ድረስ አላለቀሰችም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ ከሆስፒታሉ ቧንቧ ሥር የእናቷን ልብስ ስታጥብ ደረስሁባት። ሳሙናው ከእጇ አምልጦ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ እሱን ስታነሳ ነው ልቅሶው የፈነዳው። ቆሜ ጠበቅኋት። ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ቀና አለች። ዓይኗ ተመልሶ ነበር፤ ያ ዞራ እየሄደች የምታየኝ ዓይን።

«ሰይድ፣» አለችኝ፣ «ሽማግሌዎቹን እሺ ያልኋቸው እኔ ነኝ ወይስ መድኃኒቱ?»

«አላውቅም» አልሁ።

«እኔም አላውቅም። እናቴ እንዲህ ሆና ቃሏን ላፍርስባት? ሰውየው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚያሰናክለኝ ነገር ቢኖር…» አልጨረሰችውም።

«እንኳን ደስ አለሽ ያልሁሽ ቀን…» ብዬ ጀመርሁ።

ልብሱን ለቀቀችው። ውሃው ከቧንቧው ይወርዳል። «ጨርሰው» አለችኝ።

የታካሚዎቹ ክፍል መስኮት ከኋላዋ ነበር፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከዚያ መስኮት ጀርባ ተኝተዋል። አባቴን አሰብሁ፤ የደሴን ዘመዶቼን አሰብሁ፤ የእሷን ወገኖች አሰብሁ። ልቤ ሸሚዜን እስኪያንቀሳቅሰው ይመታል።

«ምንም» አልሁ። «በደንብ አላልሁሽም ነበር ለማለት ነው።»

«እሺ» አለች። ጎንበስ ብላ ልብሱን አነሳችው።

ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ሠርጉ ላይ ድንኳን ተክያለሁ፣ እንግዳ አስተናግጃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር ጠይቄ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ እዚህ አገባሁ፤ እዚሁ ልጆች አሳደግሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ብዙ ዓመት ኖረው በዕድሜያቸው ዐረፉ። ይበልጣል አንድ ጊዜ ኪኒኑን አቋርጦ ክፉኛ ታመመ፤ ድኖ ሲነሳ ራሱ ተመለሰበት። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ አልፎ አልፎ ዳማ እንጫወታለን፤ ብዙ ጊዜ እሱ ያሸንፋል። ጋቢው ዛሬም አለ ወይ ብዬ ጠይቄው «አለ፤ ግን ደርቋል» ብሎኛል። እናኑን ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሉማሜ ሲቆም ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ። ልጆቿ አድገዋል፤ ወፍጮው ሦስት ሆኗል። ስታወራኝ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይተይቡ ነበር። ደህና ነች፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ እውነትም ደህና ነች።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር እንደ ቀልድ ነው የማወራው። አራት ሰው ድስት ሲያርር ቁጭ ብሎ ሲያይ፣ «ሲሻላት እንወስዳታለን» ሲባል፣ የማይስቅ የለም። የሚያውቁኝ ጓደኞቼ ስለ እናኑ ሲጠይቁኝ መድኃኒቱ ነው ያሳጣኝ እላለሁ፤ እነሱም «አይ ዕጣ!» ብለው ይመታሉ ጭናቸውን። እኔ ራሴም ለዓመታት አምኜዋለሁ። ሰው የሚያምነውን ሰበብ በኪኒን መልክ ማግኘቱ ምቹ ነገር ነው፤ ከውጭ ገብቶ ከውጭ ይወጣል፤ ባለቤት የለውም።

የቧንቧውን ነገር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከእነሱ ገበታ ከተነሳሁ ያን ቀን ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ደሜ ውስጥ ምንም አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁላችንም ይልቅ ነቅቶ የነበረው ሰው እኔ ነኝ፤ ውሃው ሲንጠባጠብ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ጨርሰው ተብዬ ያልጨረስሁት በሙሉ አእምሮዬ ነው።